እንቁላል ልሁን ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ፍሬ የቀረባት አንዲት ሾላ ነበረች። የሌሎቹን ዛፎች ፍሬ ዝንጀሮዎች ጨርሰውታል። ወደዚህች ግን አያ ጅቦ ቀድሞ ደረሰ። የወደቀውን ሁሉ ለቃቀመና መብላት የቻለውን በላ። መብላት ያቃተውን በሥሮቿ መካከል ባለ ጉድጓድ ከተተ፤ የጉድጓዱንም አፍ በመቀመጫው ገጥሞ ተኛበት። ጅብ ሾላ አይበላም የሚል ካለ፣ ጅብ የማይበላውን ይጥቀስ።

በሦስተኛው ቀን ፍሬው ቦካ። ሽታው ወንዙን ተሻገረ። ሽታውንም ተከትላ አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ መጣች። ዝንቢት ይሏታል። ርዝመቷ ሦስት የጤፍ ፍሬ ቢደረደር ነው፤ ዓይኖቿ ቀይ ናቸው። ያየችውን እንጂ የመሰላትን ስለማትናገር ጎረቤቶቿ «ያቺ ደረቅ» ይሏት ነበር። እርሷም ይህን ሰምታለች፤ ስለ ራሷ ከተነገረው ሁሉ ስሕተት ያላገኘችበትም ይህ ብቻ ነበር።

ዝንቢት ችግር ላይ ነበረች። በሆዷ ውስጥ አርባ ሁለት እንቁላሎች እየበሰሉ ነው። ለመብሰል በቦካ ፍሬ ላይ የሚገኘው እርሾ ያስፈልጋቸዋል፤ እርሷ ደግሞ እርሾ ከቀመሰች ሁለት ቀን አልፏታል። የዝንብ ሆድ የራሱ ሕግ አለው። ምግብ ከጠፋ፣ ግማሽ መንገድ የደረሱትን እንቁላሎች ያፈርሳቸዋል። ልመና አይሰማም፤ ቀጠሮ አይሰጥም። እስከ ነገ ጠዋት ካልበላች አርባ ሁለቱም አይኖሩም።

ዝንቢት ይህን ስታውቅ አላለቀሰችም። የቀራትን ጊዜ አሰላችና በቀጥታ በረረች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን አደሩ?»

ጅቡ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ማንም አልታየውም። መልሶ ከደነው።

«እዚህ ነኝ፤ አፍንጫዎ ላይ።»

ሁለቱን ዓይኖቹን ወደ አፍንጫው ሲያጣምም ራሱን አዞረው። «አንቺ ደግሞ ምንድን ነሽ? ቅማል?»

«የፍራፍሬ ዝንብ ነኝ። ከሥርዎ ካለው ሾላ ልቀምስ ነው የመጣሁት። የምበላው የጥፍርዎን ጫፍ አያህልም።»

«አይሆንም።»

«እርስዎ እኮ አይበሉትም። ቦክቷል።»

«እበላዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሲርበኝ።»

«አሁን አልራበዎትም?»

ጅቡ አሰበ። ማሰብ ለእርሱ ዳገት ነው። «ርቦኛል» አለ በመጨረሻ። «ግን ለመብላት ከተነሣሁ አንቺ ትገቢያለሽ።»

ዝንቢት ይህን መልስ ዙሪያውን አየችው፤ ቀዳዳ አጣችበት። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ልትነግረው ወሰነች። «ለራሴ ብቻ አይደለም» አለች። «እንቁላሎች ይዣለሁ።»

«እንቁላል?» ጅቡ ራሱን ቀና አደረገ። «የታለ?»

«ሆዴ ውስጥ። አንዱ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል።»

ራሱን መልሶ አስተኛ።

«ማነሱንስ ያንሳል» አለች ዝንቢት፤ «ግን አንዷን እንቁላል ለማድረስ አሥራ አምስት ቀላቢዎች ይፈጃል።»

ይህን ጊዜ ሁለቱም የጅቡ ጆሮዎች ቆሙ። «የምን ቀላቢዎች?»

ዝንቢት ስለ እውነት ስትጠየቅ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። አፍንጫው ላይ ተመቻችታ ቆመችና ትነግረው ጀመር። «መጀመሪያ በሆዴ ያለችው አንዲት ደቃቅ ሕዋስ ብቻ ናት። እርሷ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ ስድስት። ሲከፈሉ ግን ፈጽመው አይለያዩም፤ በመካከላቸው በር ይቀራል። ከአሥራ ስድስቱ እኅትማማቾች አንዷ እንቁላል ትሆናለች። አሥራ አምስቱ ያላቸውን ሁሉ በዚያ በር ወደ እርሷ ያሳልፋሉ።»

«ያላቸውን ሁሉ?»

«ሁሉን።»

«እርሷስ ትሠራለች?»

«አትሠራም።»

«ታድናለች?»

«ባለችበት ሆና ትቀበላለች።»

የጅቡ ምራቅ ወረደ። «ከዚያስ? መጨረሻው ምንድን ነው?»

«በመጨረሻማ አሥራ አምስቱ በውስጣቸው የቀረውን ሁሉ ጨምቀው ወደ እርሷ ያፈስሱታል። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ እነርሱ የሉም። ይህ የሚሆነው ግን ለምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ እንቁላሏ የምትቀበለው…»

ጅቡ ከዚህ ወዲያ አልሰማም። «ተገኘ!» ብሎ ሲነሣ ዝንቢት ከአፍንጫው ተስፈንጥራ አየር ላይ ቀረች።

«ምኑ ተገኘ?»

«ሥራዬ! ዕድሜዬን ሙሉ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ ኖርኩ። እንቁላል ነኝ ለካ!»

ይህን ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንከባልሎ ጉድጓዱን ገጠመው፤ ዳር ዳሩን በአፈርና በምራቁ ለሰነው፤ እያነከሰም ወደ ንጉሡ ችሎት ሮጠ። ዝንቢት ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ለአንዲት ዝንብ የሚበቃ ቀዳዳ አልነበረውም። ጅቡ በሕይወቱ አንድ ነገር ደህና አድርጎ ሠርቶ ቢሆን ይህን ነው። ድንጋይ የሚያነሣላት ፍለጋ እርሷም ተከትላው በረረች።

ንጉሡ አንበሳ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ግራር ጥላ ሥር ችሎት ይቀመጣል። ያን ዕለት ጃርት ከርከሮን ከስሳ ነበር፤ ሥራሥሬን ቆፍሮ ወሰደብኝ ትላለች፤ ከርከሮ ደግሞ የቆፈርኩት ከራሴ አፍንጫ ፊት ነው ይላል። ክርክሩ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አንበሳ ሊያዛጋ አፉን ሲከፍት ጅቡ ተራ ሳይጠብቅ መካከል ገብቶ ቆመ።

«ጌታዬ ንጉሥ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጅብ አይደለሁም።»

«ምንድን ነህ ታዲያ?»

«እንቁላል ነኝ።»

ችሎቱን ሊያይ ከተሰበሰበው አራዊት መካከል ዝንጀሮው በሳቅ ከቅርንጫፉ ተንሸራትቶ ሌላ ቅርንጫፍ ይዞ ተረፈ። «የማን እንቁላል?» ሲል ጮኸ። ሁሉም ወደ ጅግራዋ ዞሩ።

«እኔን አትዩኝ!» አለች ጅግራዋ ክንፏን ሰብስባ። «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ አልተጣለም።»

ጅቡ አልተቆጣም፤ እንቁላል አይቆጣም ብሎ አስቧል። ከዝንቢት የሰማውን አንድ በአንድ ተናገረ። አንዷ ትቀበላለች፤ አሥራ አምስቱ ይቀልባሉ። በመጨረሻም ራሳቸውን ይሰጣሉ። ይህን የመጨረሻውን ሲል ዓይኑ አህያዋ ጭን ላይ አርፎ ነበር። አህያዋ አጠገቧ ወደቆመችው ውርንጭላዋ ተጠጋች።

«ዝንቢት» አለ አንበሳ፣ አህያዋ ጆሮ ጫፍ ላይ ያረፈችውን አይቶ፤ «እውነት ነው?»

«የሰማው እውነት ነው፣ ጌታዬ። ያልሰማው ግን ይበልጣል።»

«የቀረው አያስፈልግም!» አለ ጅቡ።

«እንቁላል የምትሆነዋ በትልቅነት አትመረጥም» ብላ ዝንቢት ቀጠለች። «ከአሥራ ስድስቱ ሁለቱ ብቻ አራት አራት በር አላቸው። ከእነዚያ ከሁለቱ አንዷ ናት።»

ከንጉሡ ቀኝ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና የተቀመጠችው እመት ቀበሮ እስካሁን አልተናገረችም። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቿን ገለጠች። «አያ ጅቦ፣ ስንት በር አለህ?»

ጅቡ ራሱን መረመረ። «አራት» አለ። «አንድ አፍ። ሁለት አፍንጫ።»

«ሦስት ነው የጠራኸው።»

«አራተኛውን ለችሎቱ ክብር ስል ነው የተውኩት።»

ጥንቸሏ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከኤሊ ጀርባ ገባች። ዝንቢት ግን አልሳቀችም። «በሩ ወደ ራስ የሚከፈት አይደለም» አለች። «ወደ እኅቶች የሚያደርስ ነው። ወደ እርሱ በር የከፈተ ማን አለ?»

ቀበሮዋ ግን የያዘችው ሐሳብ ነበራትና ተነሥታ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ የበሩ ነገር ይቅርለት። እንቁላል ነኝ ካለ፣ በእንቁላል ሥርዓት ይያዝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።»

«እንዲህ ነው!» አለ ጅቡ። «በተለይ ሳይቀነስ!»

«ዝንቢት፣ እንቁላሏ የራሷ ጎተራ አላት?» አለች ቀበሮዋ፤ የሾላው ሽታ ከሩቅ ደርሷት ነበር።

«የላትም። የሚመጣላት ከእኅቶቿ ነው።»

«እንግዲያው የሾላው ጉድጓድ ይከፈት።»

ጅቡ ደነገጠ። «ሾላዬን?»

«የአንድ ጉድጓድ ሾላ ወይስ አሥራ አምስት ቀላቢ? አንተው ምረጥ።»

ጅቡ ሾላውን አሰበ። አሥራ አምስቱን አሰበ። ከዚያ እንደገና የአህያዋን ጭን አየ። «ይከፈት» አለ።

ቀበሮዋ ይህን ያደረገችው ለዝንቢት አዝና አይደለም፤ የሾላ ፍሬ ስለምትወድ ነው። ዝንቢትም ይህን አውቃለች። ግን ድንጋዩ እስከተነሣ ድረስ የአንሺው ሐሳብ እርሷን አይመለከታትም።

አንበሳም የጃርትንና የከርከሮን ክርክር ለአራት ቀን ማሳደር የሚያስችል ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት ፈረደ። አህያ፣ ዝንጀሮ፣ ጃርት፣ ከርከሮ፣ ኤሊ፣ ጥንቸል፣ ሚዳቋ፣ ጅግራና ሌሎች ሰባት ቀላቢዎች ሆኑ። እመት ቀበሮ የቀላቢዎች አለቃ ተባለች። ጅቡም እዚያው ግራሩ አጠገብ፣ ከአንድ የምስጥ ኩይሳ ሥር ተጋደመ። ቦታውን የመረጠችለት ቀበሮዋ ናት። «ጥላ አለው» አለችው።

ችሎቱ ሲበተን አህያዋ ቀበሮዋን ወደ ጎን ጠራቻት። «እመት ቀበሮ፣ በልጅሽ ሞት! መጨረሻ ላይ ራሳቸውን ይሰጣሉ ብሏል እኮ። ሲናገር እኔን ነው ያየው።»

«ዓይን አለው፤ ያይ።»

«ጥርስም አለው!»

ቀበሮዋ ወደ አህያዋ ጆሮ ቀና አለች። «ዝንቢት፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ለዚህች ለእንቁላልሽ ዛጎሉን የሚሠራላት ማን ነው? መቼስ ነው የሚሠራው?»

«ዙሪያዋን የከበቡ ትንንሾች አሉ፤ ወደ ሺህ ይጠጋሉ» አለች ዝንቢት። «እኅቶቿ ሰጥተው ሳይጨርሱ ነው መሥራት የሚጀምሩት። ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይደርባሉ። ሲጨርሱ መተንፈሻ ብቻ ነው የሚቀረው።»

ቀበሮዋ ወደ ምስጦቹ ኩይሳ ዞራ አየች። «ትንንሾች» አለች። «ሺህ የሚሆኑ።» ከዚያም አህያዋን በጅራቷ መታ መታ አደረገቻት። «ሂጂ፣ እኅቴ፤ ሣርሽን እጨጂ። ውርንጭላሽም ዛሬ ሜዳ ላይ እንደ ልቧ ትቦርቅ።»

አህያዋ ከመሄዷ በፊት ወደ ሾላዋ አልፋ ድንጋዩን በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ መታችው። ድንጋዩ ተንከባሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ቀበሮዋ ያልጎመዘዘውን መርጣ በላች። የቦካውን አሽትታ ተወችው። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ሲቀራት ዝንቢት ከተሰነጠቀ አንድ ሾላ ላይ አርፋ እርሾውን መላስ ጀመረች። ቀና አላለችም። ሆዷ እስኪወጠር በላች፤ ካረፈችም በኋላ እንደገና በላች።

በማግሥቱ ቅለባው ተጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው አህያ ናት፤ አንድ ሸክም ደረቅ ሣር አወረደች።

ጅቡ ሣሩን አየና አህያዋን አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ያለኝ ሁሉ» አለች አህያዋ።

«እመት ቀበሮ! ሣር ነው እኮ!»

«እንቁላል ቀላቢዎቿ የሰጧትን አትመርጥም» አለች ቀበሮዋ። «አይደለም እንዴ፣ ዝንቢት?»

ዝንቢት ለአፍታ ነገሩን ለማየት መጥታ ነበር። «ስትመርጥ አልታየችም» አለች።

ጅቡ ሣሩን በላ። ከዚያ ጃርት መራራ ሥር አመጣች፤ በላ። ጅግራዋ የተረፈ የማሽላ ገለባ አመጣች፤ አነቀው፤ ግን በላ። ኤሊ የተነሣው በማለዳ ሲሆን የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያመጣው አንድ ቅጠል ነበር፤ እርሱንም ጫፉን በመንገድ ላይ በልቶታል። ንጉሡ አንበሳ የአንድ ጎሽ ቅልጥም ላከ። ቅልጥሙ በቀላቢዎች አለቃ በኩል ማለፍ ነበረበት። አለፈ። ጅቡ ጋ ሲደርስ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

«ሥጋው የታለ?»

«ተመርምሯል» አለች ቀበሮዋ አፏን እየላሰች።

ጅቡ ሊያጉረመርም አለና ተወው። ይህ ሁሉ መጀመሪያው ነው፤ እርሱ የሚጠብቀው መጨረሻውን ነው። ሣሩን ሲያላምጥ ዓይኑን ጨፍኖ አህያዋን ያስባታል። እንዲህ እያለ፣ ሆዱ በገለባ ተወጥሮ፣ በቀትሩ ሙቀት እንቅልፍ ወሰደው።

ምስጦቹ ሥራ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ቀበሮዋ ከንግሥታቸው ጋር የተነጋገረችውን የሰማ የለም። የታየው ይህ ነው፦ ከኩይሳው ሥር አንድ ቀጭን መስመር ወጣ፤ መስመሩ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አሥር። እያንዳንዱ ምስጥ በአፉ አንዲት የጭቃ እንክብል ይዟል። የጅቡን እግር አለበሱት፤ ከዚያ ሆዱን፣ ቀጥሎም ጀርባውን። አንዱ ንጣፍ ሲደርቅ ሌላ ደረቡበት። ጅቡ አንድ ጊዜ ነቅቶ «ምን እየሆነ ነው?» ሲል ጠይቋል።

«ዛጎልህ ነው» አለችው ቀበሮዋ።

«ጥሩ ነው?»

«ያለ ዛጎል ምን እንቁላል አለ?»

ይህ እውነት ስለ ነበር መልሶ ተኛ።

ዝንቢት በዚህ ጊዜ ሾላዋ ሥር ነበረች። የበላችው እርሾ ሥራውን ይዟል። በሆዷ ውስጥ ያሉት ቀላቢዎች እንደ ወንዝ ሙላት በበሮቹ እየጎረፉ ነበር፤ እንቁላሎቹ አደጉ፤ ትንንሾቹም ዛጎላቸውን ደረቡ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሾላው ለስላሳ ቦታ መርጣ የመጀመሪያውን ጣለች። ነጭ ነው። በአንድ ጫፉ ሁለት ቀጫጭን መተንፈሻዎች ቀና ብለዋል። ፍሬው ውስጥ ሰምጦ እነርሱ ብቻ ሲታዩ አየችና ወደ ሁለተኛው አለፈች። እንዲህ እያለች ቀትር ላይ ጨረሰች።

«አርባ ሁለት» አለች። ከዚያ ክንፏን ዘርግታ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ሾላዋን ሦስት ጊዜ ዞረቻት።

ወዲያው ከግራሩ በኩል ጩኸት ተሰማና በዚያው በረረች። ጅቡ ነቅቶ ነበር። ከእርሱ የሚታይ ምንም የለም። በቦታው ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ተቀምጧል፤ ከላዩ ለመተንፈሻ የተተከሉ ሁለት የሸምበቆ ቀሰሞች ወጥተዋል። ድምፁ የሚመጣው በእነርሱ ነው።

«ሰዓቱ ደረሰ!» ይላል ድምፁ። «ቀላቢዎች ራሳቸውን የሚሰጡበት ሰዓት ደረሰ! አህያ ትቅደም!»

አህያዋ በፍርሃት ወደ ኋላ አለች። ቀበሮዋ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት። አህያዋ አሰበችው። ከዚያ ቀረብ ብላ ሸምበቆውን አሸተተች።

«መጥቻለሁ፣ አያ ጅቦ። በየት ልግባ?»

«በበሩ ነዋ!»

«በየትኛው? ሁለት በር አለ። በአንደኛው ጆሮዬ እንኳ አያልፍም።»

ጅቡ ሲያስብ ይሰማ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ የሆነ ነገር ይፋጫል። «እኔ ልውጣና ልቀበልሽ?» አለ በመጨረሻ።

«እንቁላል ወጥቶ አይቀበልም» አለች አህያዋ። በሕይወቷ ለጅብ መልስ ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጣፈጣት። «ባለበት ሆኖ ነው የሚቀበለው። አንተው ነህ ያልከው።»

ጅቡ ሊነሣ ሞከረ። ጭቃው አልተነቃነቀም። ሊነክሰው ሞከረ፤ አፉን ለመክፈት ቦታ አልነበረውም። ያኔ እንደ እንቁላል መጮኹን ትቶ እንደ ጅብ ጮኸ። ዝንጀሮው በሸምበቆው አንድ የኮሶ ቅጠል አቀበለውና «ያለኝ ሁሉ ይኸው» አለው። ውርንጭላዋ ያን ቀን ሙሉ ሜዳው ላይ ዋለች።

በአራተኛው ቀን ንጉሡ አንበሳ ግራሩ ሥር ተቀመጠና አሥራ አምስቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። የጃርት ጉንጭ ገብቷል፤ የከርከሮም። በእነዚህ ቀናት ሲቀልቡ የራሳቸውን ነው የቀነሱት። አሁን ሁሉም አንድ ነገር ማየት ይፈልጋሉ።

ዝንቢት ግን ከሾላዋ ነበር የመጣችው፤ ያየችውን ይዛ። ያን ጠዋት አንዱ ዛጎል ጫፉ ተቀደደ። ከውስጡም አንድ ነጭ ትል ወጣ፤ ከፀጉር የማይወፍር። ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ አለና ሾላውን መብላት ያዘ። ዝንቢት እስኪጠግብ አልጠበቀችም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አየችና ወደ ችሎቱ በረረች።

«ዝንቢት» አለ አንበሳ፣ «ያን ዕለት ያልሰማው ይበልጣል ብለሽ ነበር። አሁን ንገሪኝ።»

«ጌታዬ፣ እንቁላሏ የምትቀበለውን ለራሷ አታደርገውም። አሥራ አምስቱ የሰጧትን ተሸክማ ትወጣለች። ዛጎሉ ሲከፈት የሚወጣው ከዚያ በፊት ያልነበረ፣ ቆይቶ ዝንብ የሚሆን አዲስ ፍጥረት ነው። አሥራ አምስቱ አልቀዋል፤ ግን እርሱ ውስጥ ያልገባች አንዲትም የለችም። ለዚህ ነው የሚሰጡት። ለዚህ ነው የምትቀበለው።»

አንበሳ ተነሣና ወደ ድቡልቡሉ ሄደ። «እንየዋ» አለ። «ከአሥራ አምስት የተጠራቀመው ምን ሆኖ እንደሚወጣ።» በመዳፉም መታው።

ጭቃው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ኤሊ እንኳ አንገቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ነበር፤ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚያደርገው ነው። ከጭቃው ውስጥ መጀመሪያ አፍንጫ ወጣ፤ ቀጥሎ ጆሮ፤ ከዚያ የተጣበቀ ፀጉር፤ መጨረሻ ላይ የሚያነክስ እግር። ከስቷል። ሣር ያስለዋል።

«ምን ይዘህ ወጣህ?» አለ አንበሳ።

ጅቡ ራሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። «እኔን» አለ።

«አንተማ ድሮም ነበርክ።»

ማንም አልሳቀም። ጃርት ወደ ከርከሮ ዞራ አየችው፤ ሥራሥሩን ግማሽ ግማሽ እንካፈለው አለችው፤ እርሱም እሺ አለ። አንዱ አንዱን እየተከተለ፣ ወደ ጅቡ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደየመንገዳቸው ሄዱ። ጅቡ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ «የማን ተራ ነው? ዛሬ የሚቀልበኝ ማን ነው?» ይል ነበር። መልስ ሲያጣ ሾላው ትዝ አለው፤ እያነከሰም ወደ ጉድጓዱ ገሠገሠ።

ዝንቢት ቀድማው ደርሳ ነበር። ጅቡ አፍንጫውን ወደ ጉድጓዱ ሲሰድ ከፊቱ በረረች። ልትገታው ጉልበት የላትም። የነበራት ሁልጊዜም የነበራት፣ ያየችውን መናገር ብቻ ነው።

«አያ ጅቦ» አለችው። «እዚያ ውስጥ እንቁላል አለበት።»

አፍንጫው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«እንቁላል። የጣልኩት አርባ ሁለት ነው።»

«አርባ ሁለት?» የጅቡ ድምፅ ቀጠነ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ መሬቱን አየ፤ ምስጥ እየፈለገ ነበር። «በሥርዓቱ የተያዙ ናቸው? ከዛጎል ጋር?»

«ከዛጎል ጋር።»

ጅቡ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ጅራቱን ሸጉጦ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው እያየ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሮጠ። ዝንቢትም ሾላው ላይ አረፈችና ያልተፈለፈሉትን መቁጠር ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች ካላቸው ቀንሰው ለአንዱ ሲሰጡ፣ የተቀበለው ሁሉንም ተሸክሞ መውጣት እንዳለበትና ራሱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ከሆነ ግን ሲጀመርም ሊቀለብ የማይገባው መሆኑን ነው።